ሳያርፍ ያረፈው

ምድር በሚያልቅበት፣ በብሬታኝ ጠረፍ፣
የአርቲቾኩን ማሳ ጨው ነፋስ ሲገርፍ፣
አንዲት አስፋልት አለች፣ እንደ መቀነት የቀጠነች፣
መቶ እርምጃ ሮጣ ከአጥር ሥር የደከመች።

እሁድ ጧት ጧት ጉልቬን ፔዦውን አስነሥቶ፣
ከኋላ ወንበር ላይ እንደ ሕፃን አስተኝቶ፣
ብርድ ልብስ አልብሶ ይዞ ይመጣል እሱን፦
ክሩሴደር ጄቱን፣ ክንፍና ገላውን
ለየብቻ አርጎ።
ባልሳውን በእጁ ነው የፋቀው፣ አራት ክረምት፣
በብርጭቆ ወረቀት፣ በሙጫ፣ በትዕግሥት፤
ከአፍንጫው ሥር የሚያዛጋውን ሰፊ አፉን፣
ከጭራው መንጠቆውን፣ ከጎኑም ቁጥሩን፦
አሥራ ሰባት።

"ለምን አሥራ ሰባት?" ይሉታል ልጆቹ።
"ቁጥር ነዋ" ይላል። ይፍታታሉ ጣቶቹ
በሬዲዮው ዘንግ ላይ።

ሌላው ጄት ሊያርፍ ሲል ሽቅብ አንጋጦ
ይመጣል በግምት፣ መንገዱን በአፍንጫው አጥቶ፤
ይሄ ግን ኩሩ ነው፤ አንገቱን ሳያቀና
ክንፉን ከጀርባው ላይ እንደ ሣጥን ክዳን ያነሣና፣
መርከቧን ዓይን ለዓይን እያየ ይገባል።
ይህን ሲያስረዳኝ የጉልቬንም ትከሻ አብሮ ይነሣል።

ያን ጊዜ መርከብ ላይ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣
አረንጓዴ ሰደርያ፣ የጆሮ መከላከያ ካናቱ፣
ሥራው ሽቦ መጠበቅ፣ መንጠቆ ሲነክሰው ማየት፣
"ተያዘ!" ብሎ መጮኽ፤
ላምባ እየሸተቱ መዋል፣ ላምባ እየሸተቱ መተኛት።

አንድ የመስከረም ማታ፣ ባሕሩ ጥላሸት ለብሶ፣
የመቶ አለቃ ታንጊ መብራት ታየ ከኋላ ደርሶ፤
ክንፉ ተነሥቷል፤ መንጠቆው ወርዷል።
ጉልቬን አፉን ከፍቶ ነበር፣ "ተያዘ" ሊል፤
ቃሉ ጉሮሮው ላይ ቀረ።
ሽቦው አልተነቃነቀም። መብራቱ ተሰወረ።
ሦስት ቀን ተፈለገ፤ የራስ ቁሩ እንኳ አልተገኘ፤
ባሕሩ እንደ ጠገበ ሰው አፉን ጠርጎ ተኛ።

ለእናቱ ደብዳቤ ሄደ፤ "አረፈ" ይላል።
"የት ነው ያረፈው?" አለኝ ጉልቬን፣ አንዴ ዝናብ ይዞን
ፔዦው ውስጥ ተቀምጠን፣ መስታወቱ በትንፋሽ ታፍኖ፤
"ወለሉ ላይ ነበርኩኮ፣ ኖልዌን!
ጎማ አልጮኸም። ጭስ አልወጣም።
ሳያርፍ ነው ያረፈው።"
ሌላ ቀን አላነሣውም።

እናም እሁድ እሁድ ያሳርፈዋል።
አስፋልቷን በነካ ቁጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣
ድምፅ ግን የለውም።

ዘንድሮ እጁ ከዳው። ማንኪያ እንኳ አይቆምለት፤
ጄቱ ሰማይ ላይ ሳለ ዘንጉ ተንቀጠቀጠበት።
"እንቺ" አለኝ።
እኔ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ፤ ሊጥ እንጂ ጄት አላውቅም፤
የስፖንጅ አውሮፕላን ነበረኝ፣ እሱም ከዛፍ አልወረደም።
ተቀበልኩ። ምን ላድርግ?
ዞርኩ። ክንፉን አነሣሁ። ነፋሱ ከጎን መጣ፤
አሥራ ሰባት አስፋልቷን ስቶ ከአጥሩ ማዶ ወጣ፣
ከአርቲቾኩ መሀል ሰጠመ።

ማንም አልተናገረም።
መስመር በመስመር ገባን። ጉልቬን ከፊት፣
በሚንቀጠቀጥ እጁ ቅጠል እየገለጠ፣ ቅጠል እየመለሰ፣
እኔ ከኋላ፣ ይቅርታዬን እያላመጥኩ።
በአራተኛው መስመር ቆመ።
አፍንጫው ተጨፍልቋል፣ አፉ አፈር ጎርሷል፣
ክንፉ ግን እንደተነሣ ነው። ቁጥሩም ይነበባል።

ጉልቬን ተንበረከከ። ጎኑን ዳበሰ።
ከዚያ ያ የቆየው ቃል ከጉሮሮው ተበጠሰ፦
"ተያዘ!"
የባሕር ወፎቹ ከማሳው ግር ብለው ተነሡ፤
የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበር የጮኸው፣ አልነበረም እሱ።

ባለማሳው ሮጦ መጣ፣ ቦቲው ጭቃ ነክሶ፦
"ምንድን ነው የወደቀው?"
"አልወደቀም" አለው ጉልቬን፣ እንባውን በእጅጌው አብሶ።
"አረፈ።"

ለስድስት ራስ አርቲቾክ
ሁለት ትልልቅ ዳቦ ከፈልኩ።